የኦክስጅን ማሽን በባትሪ ሰዓት ብቻ አይመረጥም፤ ደጋ ላይ ደግሞ ጭራሽ

ሰሞኑን ብዙ ሰው እየተቀባበለው ያለ አንድ ጽሑፍ አለ። ስለ ተንቀሳቃሽ የኦክስጅን ማሽኖች ነው፤ ኮንሰንትሬተር ስለምንላቸው፣ በትከሻ ስለሚንጠለጠሉት። ጸሐፊው ማሽኖቹን በባትሪ ቆይታቸው ደርድረዋል። ረጅም ሰዓት የሚሠራውን አንደኛ ብለው፣ "የሰሜን ሸዋ ሰው መብራት ስለሚጠፋበት ይሄን ይግዛ" ሲሉ መክረዋል።

ጸሐፊው በቅን ልብ እንደጻፉት ያስታውቃል። የሳንባ ሕመምተኛ ያለበት ቤት ምን ያህል እንደሚጨነቅም የገባቸው ሰው ናቸው። እኔ ደብረ ብርሃን ላይ የሕክምና መሣሪያ እየጠገንኩ የምኖር ነኝ። ጽሑፉን አንብበው ማሽን ያዘዙ፣ ለማዘዝም የተነሱ ቤተሰቦች እየመጡ ያማክሩኛል። ገንዘቡ ቀላል አይደለም፤ ብዙው ቤት ከውጭ ዘመድ ለምኖ ወይም ከብት ሸጦ ነው የሚገዛው። ስለዚህ ዝም ማለት አልቻልኩም።

"13 ሰዓት ከ4 ሰዓት ተኩል ይበልጣል"

ጽሑፉ ኢኖጀን ዋን ጂ5ን 13 ሰዓት፣ የፊሊፕሱን ሲምፕሊጎ ሚኒ 4 ሰዓት ተኩል ብሎ አስቀምጧል። ሁለቱም ቁጥሮች አምራቾቹ ራሳቸው የሰጧቸው ናቸው። ችግሩ ያለው አወዳደሩ ላይ ነው።

13 ሰዓቱ የሚገኘው ጂ5 ላይ ትልቁ ባትሪ ሲገጠም ነው፤ ያውም ማሽኑ ቁጥር 1 ላይ ሆኖ (ቁጥር የምንለው የሚሰጠው ኦክስጅን የሚስተካከልበትን ነው፤ ከፍ ሲል ኦክስጅኑ ይበዛል)። በትንሹ ባትሪ 6 ሰዓት ተኩል ነው። የሲምፕሊጎ ሚኒ 4 ሰዓት ተኩል ደግሞ የትንሹ ባትሪ ነው፤ እሱም ቁጥር 2 ላይ። ትልቁ ባትሪ ሲገጠምለት እዚያው ቁጥር 2 ላይ እስከ 9 ሰዓት ይሠራል ይላል አምራቹ። እንግዲህ ጽሑፉ የአንዱን ትልቅ ባትሪ ከሌላው ትንሽ ባትሪ፣ የአንዱን ቁጥር 1 ከሌላው ቁጥር 2 ጋር ነው ያወዳደረው። በዚህ ላይ ተመሥርቶ አንደኛና ሁለተኛ ማለት አይቻልም።

ቁጥሩ ለምን ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል? ማሽኑ ውስጥ የተጠራቀመ ኦክስጅን የለም። ማሽኑ አየር ይስብና ዚዮላይት የሚባል ቅንጣት በተሞላ ቱቦ ውስጥ በግፊት ያሳልፈዋል። ናይትሮጅኑ እዚያ ይያዛል፣ ኦክስጅኑ ያልፋል። ይህን የሚሠራው ኮምፕሬሰሩ ነው፤ ባትሪውን የሚበላውም እሱ ነው። ቁጥሩን ከፍ ስታደርጉ ኮምፕሬሰሩ ይበልጥ ይሠራል፣ ሰዓቱም ያጥራል። ከቁጥር 1 ተነስታችሁ የመጨረሻው ቁጥር ላይ ስትደርሱ ከግማሽ በታች ይወርዳል።

እዚህ ደጋው ላይ ደግሞ ቁጥር 1 በቅቶት ከቤት የሚወጣ ሕመምተኛ ብዙም አይገጥመኝም። ለእንዲህ ያለ ሰው 13 ሰዓት ማለት ላም አለኝ በሰማይ ነው።

"ሐኪም 2 ሊትር ካዘዘ ማሽኑን ቁጥር 2 ላይ ማድረግ ነው፤ አለቀ"

ከጽሑፉ ሁሉ ያስደነገጠኝ ይሄ ነው። ምክንያቱም ሰው ያምነዋል። ሲያዩት ልክ ይመስላል።

ሆስፒታል ውስጥ ከሲሊንደር ወይም ከትልቁ ኮንሰንትሬተር የሚመጣው ኦክስጅን ያለማቋረጥ ይፈሳል። 2 ሊትር ከተባለ በየደቂቃው 2 ሊትር ይወጣል፤ አየር ስታስገቡም ስታስወጡም። ትንንሾቹ ተንቀሳቃሽ ማሽኖች እንዲህ አይደሉም። አፍንጫ ላይ በምታደርጉት ቀጭን ቱቦ፣ በካኑላው በኩል ትንፋሽ መሳብ መጀመራችሁን ያውቃሉ፣ ያን ጊዜ ብቻ ትንሽ ኦክስጅን ቡፍ ያደርጋሉ። ፑልስ ይባላል። ስታስወጡ ዝም ይላሉ። ባትሪያቸው ለሰዓታት የሚቆየውም በዚህ ምክንያት ነው።

ጂ5ን እንውሰድ። ቁጥር 1 ላይ በደቂቃ የሚሰጠው 210 ሚሊ ሊትር ነው። ቁጥር 2 ላይ 420፣ የመጨረሻው ቁጥር 6 ላይ 1,260። ቁጥር 2 ላይ ያለ ሰው በደቂቃ 20 ጊዜ ቢተነፍስ በየትንፋሹ 21 ሚሊ ሊትር ይደርሰዋል። ዳገት ሲወጣ ትንፋሹ 30 ቢደርስስ? ማሽኑ የሚሰጠው ያው 420 ነው፤ ለ30 ሲካፈል 14 ይሆናል። ይበልጥ በቸገረው ሰዓት በየትንፋሹ የሚደርሰው አነሰ ማለት ነው። ትንፋሽ ቢፈጥንም ባይፈጥንም በየትንፋሹ እኩል የሚሰጡ ማሽኖችም አሉ። እነሱ ደግሞ ትንፋሽ ሲፈጥን ባትሪውን ቶሎ ይጨርሱታል። ይህን ሳያዩ ሰዓት ብቻ መደርደር ለገዢው ምንም አይነግረውም።

በሌላ በኩል፣ 420 ሚሊ ሊትር የ2 ሊትር አንድ አምስተኛ ነው ብሎ መደንገጥም ልክ አይሆንም። ያለማቋረጥ ከሚፈሰው ኦክስጅን ብዙው አየር ስናስወጣ ባክኖ ይቀራል። ፑልሱ ግን ትንፋሹ ገና ሲጀምር ስለሚገባ አብዛኛው ሳንባ ይደርሳል። ለብዙ ሰው ይበቃል፣ ለአንዳንዱ አይበቃም። እናንተ ከየትኞቹ እንደሆናችሁ የሚታወቀው በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን በመቶኛ የሚለካው ኦክሲሜትር ጣት ላይ ተደርጎ፣ ተቀምጣችሁም እየተራመዳችሁም ሲለካ ነው።

አንድ የመንዝ አባት ልጃቸው ከውጭ የላከላቸውን ማሽን ይዘው መጥተው ነበር። ተበላሽቷል ብለው ነው። "ልጄ፣ ሐኪሙም ሁለት ብሎኛል፣ ይሄም ሁለት ነው የሚለው። ታዲያ ስራመድ ለምን ያፍነኛል?" አሉኝ። ማሽኑን ፈተሽኩት፣ ደህና ነው። ባትሪውም ሙሉ ነው። ኦክሲሜትሩን ጣታቸው ላይ አደረግን፤ ቁጭ እንዳሉ 91 አለ። ጋቢያቸውን ሰብስበው እስከ በሩ ሄደው ሲመለሱ 83 ገባ። ከንፈራቸው ጠቁሯል፣ ትከሻቸው ከትንፋሻቸው ጋር ይነሳል ይወርዳል። ማሽኑ በየትንፋሹ ቡፍ ቡፍ እያለ ሥራውን ይሠራል፣ አልደረሰላቸውም እንጂ። ወደ ሐኪማቸው ላክኋቸው። ሐኪሙም እያራመዱ ለክተው ሲንቀሳቀሱ ቁጥር 4 እንዲያደርጉ አዘዙላቸው። የባትሪው ሰዓት በጣም አጠረ፣ ሰውየው ግን መራመድ ቻሉ።

ፑልስ ፈጽሞ የማይበቃቸው ሰዎችም አሉ። ለእነሱ ያለማቋረጥ መስጠት የሚችል ተንቀሳቃሽ ማሽን አለ፤ ለምሳሌ ትልቁ ሲምፕሊጎ በደቂቃ እስከ 2 ሊትር ይሰጣል። ግን 4 ኪሎ ተኩል ገደማ ይመዝናል። በዚያ አሠራር አንድ ባትሪው አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። በጸሐፊው አደራደር የመጨረሻውን ቦታ ይይዝ ነበር። ለሚያስፈልገው ሕመምተኛ ግን ትክክለኛው ማሽን እሱ ነው።

"አውሮፕላን ላይ ከሠራ ጣርማበር ላይ ምን ይሆናል?"

ጽሑፉ ከፍታ ማሽኑንም ባትሪውንም አይነካም ይላል። ማስረጃው፣ ማሽኖቹ አውሮፕላን ውስጥ መፈቀዳቸው ነው።

አውሮፕላኑ ራሱ ከ10,000 ሜትር በላይ ይበራል፣ እውነት ነው። ተሳፋሪው ያለበት ክፍል ግን አየር በግፊት ይሞላል። ውስጡ ያለው አየር 2,438 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው አየር እንዳይሳሳ ተደርጎ ነው የሚሠራው። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ትጠጋለች። የደብረ ብርሃን ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎም አውሮፕላን ውስጥ ካለ ሰው የሳሳ አየር ነው የሚተነፍሰው። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ወለል ላይ ካለው 70 በመቶ ገደማ ነው።

የትንንሾቹ ማሽኖች መመሪያ ብዙውን ጊዜ የሚፈቅደው እስከ 3,048 ሜትር ነው። የጂ5ም የሲምፕሊጎ ሚኒም ይኸው ነው። ጣርማበር ላይ፣ መሐል ሜዳ ላይ፣ በብዙው የመንዝ ደጋ ከ3,000 ሜትር በላይ ነን። የማሽኑ ወሰን ጫፍ ላይ ወይም ከወሰኑ ውጭ ነን ማለት ነው። ከወሰኑ ውጭ አምራቹ ለሚወጣው ኦክስጅን ንጽሕና ዋስትና አይሰጥም። ቤት ከሚቀመጡት ትልልቆቹማ የአንዳንዶቹ ወሰን ከዚህም ዝቅ ይላል። ብዙ ቦታ የሚታየው የፊሊፕሱ ኤቨርፍሎ እስከ 2,286 ሜትር ነው የተሠራው። ደብረ ብርሃንን አይጨምርም።

ከፍታ ባትሪውን የሚነካው ግን በዋናነት በሌላ መንገድ ነው። አየሩ ሲሳሳ የሕመምተኛው ኦክስጅን ይወርዳል። ሸዋ ሮቢት ቆላ ላይ ቁጥር 2 የበቃው ሰው ደብረ ሲናን አልፎ ጣርማበር ሲወጣ አይበቃውም። ቁጥሩ ከፍ ይላል፣ ባትሪው ያጥራል። ውጭ አገር ባሕር ዳርቻ ከተማ ላይ ታክሞ፣ እዚያ የታዘዘለትን ቁጥር ይዞ ወደ አገሩ የሚገባም አለ። አሁን አሁን ደግሞ እንዲህ ያለ ሰው በዝቷል። እዚህ ሲደርስ እንደገና መለካት አለበት። ቁጥሩን በራስ ግምት ማሳደግ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ያለበት አንዳንዱ ሰው ኦክስጅን ሲበዛበት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጠራቀምበትና ይደነዝዛል። ሐኪም ፊት የሚደረግ ነገር ነው።

ስለ ብርድ የተባለውን በአጭሩ ልለፈው። ጽሑፉ "ብርድ ባትሪን ያቆያል፤ ደጋው ለባትሪ ይመቻል" ይላል። ሳይጠቀሙበት ለሚያስቀምጡት ባትሪ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ከሙቀት ይሻላል፤ ይህ ልክ ነው። እየሠራ ላለ ባትሪ ግን ብርድ ጠላቱ ነው፤ የሊቲየም ባትሪ ሲቀዘቅዝ የያዘውን ኃይል በሙሉ አይሰጥም። ማሽኖቹ ሙቀቱ ከ5 ዲግሪ በማይወርድበት ቦታ እንዲሠሩ ነው የተሠሩት። የጥቅምትና የኅዳር ንጋት ደብረ ብርሃን ላይ ከዚያ በታች ሲወርድ እናውቃለን። ትርፉን ባትሪ ሰውነታችሁ አጠገብ፣ ከጋቢ ሥር ያዙት። ማሽኑን ራሱን ግን በጋቢ አትጠቅልሉት፤ አየር የሚስብበት ቀዳዳ ከተደፈነ ይግላል፣ ይጮኻል፣ ይቆማል።

ጽሑፉ ጭራሽ ያላነሳውን አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር። ለጥገና የሚመጡልኝን ማሽኖች ከፍቼ መጀመሪያ የማየው የአየር ማስገቢያውን ማጣሪያ ነው። ከከተማው ቤት የመጣው አቧራ ይዟል። ኩበት ከሚነድበት ቤት የመጣው ጥቁር ነው፤ ጣት ሲነካው እንደ ጥላሸት ይለቃል። በተደፈነ ማጣሪያ የሚስብ ኮምፕሬሰር ይለፋል፣ ባትሪው ያልቃል፣ ሰውም "ባትሪው ሞተ" ብሎ ሌላ ይገዛል። ማጣሪያው በሳምንት አንዴ በለብ ያለ ውኃና በሳሙና ታጥቦ፣ በደንብ ደርቆ ይመለስ። ማሽኑ የሚተነፍሰውን ጭስ ደግሞ ሕመምተኛዋም እየተነፈሰችው መሆኑን አስቡ። እዚህ ከማውቃቸው የሳንባ ሕመምተኛ እናቶች ብዙዎቹ ሲጋራ በእጃቸው ነክተው አያውቁም። በዚያ ጭስ ውስጥ እንጀራ ሲጋግሩ ነው የኖሩት።

"መንገድ ላይ መኪናው ላይ መሰካት ነው"

ጸሐፊው ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ስለሆነ "አንድ ባትሪ ይተርፋል፣ ካነሰም መኪናው ላይ ይሰካል" ብለዋል።

መንገዱ ላይ ያለው ጊዜ የሚጀምረው መኪናው ሲንቀሳቀስ አይደለም። ሕመምተኛው ከቤት ወጥቶ መናኸሪያ ሲደርስ ማሽኑ በርቷል። ሚኒባሱ እስኪሞላ ይጠበቃል። ከመሐል ሜዳ የሚመጣ ከሆነ ጣርማበር ላይ ጉም ወርዶ መኪናው እያዘገመ ይሄዳል። አዲስ አበባ መግቢያ ላይ መጨናነቅ አለ። ሆስፒታል ሲደርስ ካርድ ማውጫ ወረፋ አለ። ይህ ሁሉ በባትሪ ነው።

መኪና ላይ መሰካቱም በሲጋራ መለኮሻው ሶኬት ነው የሚሆነው። በብዙ የሕዝብ ማመላለሻ ሚኒባሶች ይህ ሶኬት ወይ አይሠራም ወይ ፊውዙ ተቃጥሏል። የሚሠራም ቢሆን የአንዳንዱ ማሽን የመኪና ገመድ ማሽኑን ያስነሳዋል እንጂ ጎን ለጎን ባትሪውን አይሞላም፤ በተለይ ቁጥሩ ከፍ ሲል። በዚህ ተማምኖ መነሳት አይገባም።

አየር መንገዶች ማሽን ይዞ የሚሳፈርን ሰው ከበረራው ጊዜ 150 በመቶ የሚበቃ ባትሪ እንዲይዝ ይጠይቃሉ። ለመኪናም ይህን ብትይዙ ጥሩ ነው። ከቤት እስከ ሐኪሙ ክፍል 6 ሰዓት ይፈጃል ብላችሁ ካሰባችሁ የ9 ሰዓት ባትሪ ያዙ። 9 ሰዓት ስል በእናንተ ቁጥር የተለካ ነው፤ ሣጥኑ ላይ የተጻፈውን እርሱት። ከአንድ ትልቅ ባትሪ ሁለት ትንንሽ ባትሪ የሚመርጡ አሉ፤ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። አንዱ እንቢ ቢል ሌላው አለ።

ጸሐፊው እዚህ ላይ ሲሊንደር ለመንገድ አይመችም ማለታቸው ልክ መሆኑን ልመስክር። 680 ሊትር የሚይዘው መካከለኛው ሲሊንደር በደቂቃ 2 ሊትር ሲለቀቅ 5 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው የሚቆየው። ከባድ ነው፣ ባለቀ ቁጥር ማስሞላት ይፈልጋል። ሚኒባስ ውስጥ ሳይታሰር ከተንከባለለ ደግሞ አደጋ ነው።

"ባትሪ ለመቆጠብ ሲያፍናችሁ ብቻ ክፈቱት"

ይሄ ምክር ሰው ይጎዳል። ኦክስጅኑ በጣም ለወረደበት ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመምተኛ ኦክስጅን እንደ ራስ ምታት ክኒን ሲያም ብቻ የሚወሰድ አይደለም። በ1980 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ፣ በ1981 ደግሞ በብሪታኒያ የወጡት ሁለት ታላላቅ ጥናቶች ያሳዩት ይህንኑ ነው። በብሪታኒያው ጥናት በቀን 15 ሰዓት ኦክስጅን የወሰዱት ምንም ካልወሰዱት ይልቅ በሕይወት ቆይተዋል። በአሜሪካው ደግሞ ሌሊትም ቀንም የወሰዱት ሌሊት ብቻ ከወሰዱት ይልቅ ረጅም ዕድሜ አግኝተዋል። ማፈን እስኪመጣ መጠበቅ ልብን ያደክማል። ኦክስጅን ወርዶም የማያፍነው ሰው አለ።

15 ሰዓት በባትሪ ልሙላ ማለት ግን አያዋጣም። ቤት ውስጥ ማሽኑ ሶኬት ላይ ይሰካ፣ ባትሪው ለመንገድና መብራት ሲጠፋ ይቆይ። አቅም ያለው ቤት ለቤት የሚሆን ትልቅ ማሽን ለብቻው ቢኖረው ይመረጣል፤ ከፍታውን የሚፈቅድ መሆኑን አይቶ። ትልቁ ማሽን 350 ዋት ገደማ ስለሚፈልግ አምፖል የሚያበራው ትንሹ ሶላር አያንቀሳቅሰውም። መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ሰዓት የሚያቆየው ትንሹ ማሽን ነው። ለዚህም ባትሪዎቹ ሁልጊዜ ተሞልተው መገኘት አለባቸው። የጂ5 ትንሹ ባትሪ ለመሙላት እስከ 3 ሰዓት፣ ትልቁ እስከ 6 ሰዓት ይወስዳል። መብራቱ መጥቶ በአንድ ሰዓቱ የሚሄድበት ሰፈር ላይ ይህ ልዩነት ትንሽ አይደለም፤ በጸሐፊው ሠንጠረዥ ግን የመሙያ ጊዜ የሚባል ነገር የለም።

ሌሊትን በተመለከተ ደግሞ፣ በፑልስ ማሽን መተኛት የሚቻለው ሐኪም ካየው በኋላ ነው። በእንቅልፍ ትንፋሽ ዝግ ይላል፣ አፍ ይከፈታል፣ ማሽኑ ትንፋሹን ሳያውቀው ሊያልፍ ይችላል።

ያገለገለ ማሽን መግዛትን ጽሑፉ "ባትሪው ያው ነው" ብሎ ያበረታታል። ያው አይደለም። የሊቲየም ባትሪ በጥቂት መቶ ጊዜ ሙሉ ቻርጅ ውስጥ ከአቅሙ አንድ አምስተኛውን ያህል ያጣል፤ ባይጠቀሙበትም በዕድሜ ይደክማል። ዚዮላይቱም እርጥበት ሲነካው ይደክማል፤ ያን ጊዜ ማሽኑ እየሠራ የሚያወጣው አየር ኦክስጅኑ ያነሰ ይሆናል። ፊሊፕስ ደግሞ በ2024 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ አሜሪካ ውስጥ ኮንሰንትሬተሮቹን መሸጥ እንደሚያቆም አሳውቋል። ከዚያ ዘመድ የሚልክላችሁ ከሆነ መለዋወጫ ባትሪ የት እንደሚገኝ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ያገለገለ ከሆነ ሳትከፍሉ በፊት በእናንተ ቁጥር አስነስታችሁ፣ እስኪጠፋ ሰዓት ያዙበት። ሻጩ እንቢ ካለ ተዉት።

"ኮንሰንትሬተር እንደ ሲሊንደር እሳት አይፈራም" የሚለው አንድ መስመር ደግሞ ዛሬውኑ መውጣት አለበት። ካኑላው ጋ ያለው 90 በመቶ ገደማ ኦክስጅን ነው። ጋቢና ፀጉር ኦክስጅን ይይዛሉ። ቡና የሚፈላበት ከሰል፣ ጧፍ፣ የኩበት ምድጃ፣ ሲጋራ፣ ሁሉም ቢያንስ ከ2 እስከ 3 ሜትር ይራቁ።

ለጸሐፊው አንድ ጥያቄ አለኝ። ሠንጠረዡን ቢያስተካክሉት ብዙ ቤት ይጠቀማል። ከእያንዳንዱ ማሽን ጎን በደቂቃ ስንት ሚሊ ሊትር እንደሚሰጥ፣ ሰዓቱ በየትኛው ቁጥርና በየትኛው ባትሪ እንደሆነ፣ እስከ ስንት ሜትር ከፍታ እንደሚሠራ፣ ለመሙላትም ምን ያህል እንደሚወስድ ይጨምሩበት። መረጃው በየማሽኑ መመሪያ ውስጥ አለ፤ ከፈለጉ አብሬ እሠራለሁ። እስከዚያው "2 ሊትር ቁጥር 2 ነው" የሚለውንና የእሳቱን መስመር ያውጡልን። ጽሑፉን ለሌላ ያስተላለፋችሁም እነዚህን ሁለቱን ለላካችሁላቸው ሰዎች ንገሯቸው።